እናቴ መንገድ ለመሻገር ታክሲ ትሳፈራለች

ባለፈው ማክሰኞ ስለ እግረኛ መሻገሪያ አንድ ጥያቄ ኢንተርኔት ላይ ለጠፍኩ። ሁለት ሦስት ሰው ቢመልስልኝ ብዬ ነበር። ዛሬ ጠዋት ሳየው መልሱ 41 ደርሷል። ከመሃል ለሚገባ ሰው የክሩ ጫፍ ስለማይያዝ፣ ቁጥራቸውን ተከትዬ የተባለውን እዚህ አሰባስቤዋለሁ።

መነሻዋ እናቴ ናት። 71 ዓመቷ ነው። የምንኖረው ባቡሩ አስፋልቱን ለሁለት ከፍሎ በሚያልፍበት በአያት መስመር ነው። የምትሳለመው ቤተ ክርስቲያን ከመንገዱ ማዶ ነው። በረንዳችን ላይ ቆማ ጉልላቱን ታየዋለች። አንድ ቀን ነጠላዋ ጫፍ ላይ የቋጠረችውን ብር ፈትታ ስትቆጥር አየሁና ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት። ለታክሲ ነው። የት ልትሄድ? ቤተ ክርስቲያን። ለካ ዜብራው ላይ ቆማ ቆማ መኪናው አልቆም ሲላት በእኛ በኩል ሚኒባስ ትሳፈራለች። አያት ላይ ሲዞር ከውስጡ ሳትወርድ አብራው ትዞራለች። ሲመለስ ማዶ ላይ ትወርዳለች። ሁለት ሒሳብ ከፍላ አንድ መንገድ ተሻገረች ማለት ነው።

ጥያቄዬ አጭር ነበር። የእግረኛው መንገድ እየሰፋ ነው፣ መብራቱም እየደመቀ ነው፤ እሰየው። ግን እግረኛ ዳር ዳሩን ብቻ ሄዶ አይቀርም። አንድ ቦታ ላይ መሻገሩ አይቀርም። እዚያ ቦታ ላይ ምን ይደረግ? አቋሜንም አልደበቅኩም። መኪናው ፍጥነቱን ካልቀነሰ ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው ብዬ ጻፍኩ።

1ኛው መልስ ለእናቴ ጤናና ዕድሜ የተመኘ ነው። ጸሐፊው አባቱ ቀለበት መንገዱን መሻገር ካቆሙ ዓመታት እንዳለፉ፣ ማዶ ያሉትን ወንድማቸውን የሚያገኟቸው በስልክ እንደሆነ ጨምሮበታል። 2ኛዋ የእኛው መስመር ነዋሪ ናት። ባቡሩ መስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር በጣም ተደስታ እንደነበር፣ ቆይቶ ግን አጥሩ ሰፈሯን ለሁለት እንደከፈለባት ታስታውሳለች። ድሮ ሦስት ደቂቃ የነበረው የእህቷ ቤት አሁን ሩብ ሰዓት ነው። መሻገሪያ ፍለጋ እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ መሄድ አለባት።

3ኛው ሁለት ቃል ብቻ ጻፈ፤ ድልድይ ይሠራ ነው ነገሩ።

ለሱ መልስ የሰጠው 4ኛው ሰው የመንገድ መሐንዲስ ነው። በትሕትና ጀምሮ ቀስ በቀስ ሞቀው። ድልድዩ ከአስፋልቱ 5 ሜትር ከፍ ይበል፣ አንዱ ደረጃ ደግሞ 15 ሳንቲሜትር ይሁን ብለን እናስላ ነው የሚለው። 33 ደረጃ መውጣት፣ 33 ደረጃ መውረድ ይመጣል። 71 ዓመት የሆናት፣ ጉልበቷን የሚያማት እናት 66 ደረጃ ረግጣ ነው ቅዳሴ የምትደርሰው። ልጅ ያዘለችስ? በዊልቸር የሚሄደውስ? ድልድይ ለፈጣን መንገድ፣ ለቀለበት መንገድ ዓይነቱ ተገቢ ሊሆን እንደሚችል ይቀበላል። በሰፈር መሃል ግን ድልድይ የሚጠቅመው እግረኛውን ሳይሆን መኪናውን ነው ባይ ነው፤ ሹፌሩ እንዳይቆም ሲባል ሰውየው ፎቅ እንዲወጣ ይደረጋል። ይሄን አንብቤ ቆም አልኩ። ድልድይን ሁልጊዜ ለእግረኛ እንደተሰጠ ስጦታ አድርጌ ነበር የማየው።

3ኛው ሰው በ5ኛው መልስ ተመልሶ ሊፍት ይገጠምለታ አለ። ከዚያ ነገሩ ከመንገዱ ወጣ። 6ኛዋ የኮንዶሚኒየማቸው ሊፍት ከቆመ ስንት ጊዜ እንደሆነው ተናገረች። 7ኛው መብራት ሲጠፋ ሊፍት ውስጥ ታግቶ የቆየበትን ቀን ተረከ። የሊፍቱን ዝርዝር አልፌዋለሁ።

8ኛው የሚኒባስ ሹፌር ነው። ቃሉ ስለታም ነበር። እግረኛውን ሁሉ ጻድቅ፣ ሹፌሩን ሁሉ ገዳይ አድርጋችሁ አታቅርቡ ነው የጽሑፉ መንፈስ። እሱ በቀን የሚያየውን ዘረዘረ፦ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቶ ቀና ሳይል የሚገባ፣ ድልድይ ሥር የሚሻገር፣ አጥር የሚዘል፣ ልጁን ጎትቶ በመኪና መሃል የሚሮጥ። አንድ ሰው ከነካ ግን መንጃ ፈቃዱም እንጀራውም እንደሚሄድ፣ ማታ ቤቱ ሲገባ እጁ ይንቀጠቀጥ እንደነበር ጻፈ።

9ኛው ወረደበት። ሚኒባስ ሹፌር ስለ ሥርዓት ሊያስተምረን አይገባም የሚል ነው፣ ከዚያም የባሰ አለበት። 10ኛው እና 11ኛው አጨበጨቡ። 12ኛው ስድብ ስለነበረበት ተሰርዟል። እኔ ራሴ 8ኛውን ሳነብ ደሜ ፈልቶ ነበር። ሁለተኛ ሳነበው ግን የእጁ መንቀጥቀጥ ላይ ደርሼ ዝም አልኩ።

13ኛዋ ዱባይ ሰባት ዓመት ሠርታ የተመለሰች እህት ናት። የሹፌሩን ሐሳብ በከፊል ደግፋ፣ እዚያ ካልተፈቀደ ቦታ የተሻገረ ሰው 400 ድርሃም እንደሚቀጣ ጻፈች። እሷም በመጀመሪያው ወር ተቀጥታ፣ ከዚያ ወዲህ ዜብራ ሳታይ እግሯን አታነሳም። ከሥሯ የገባ አንድ ሰው፣ ቅጣቱ የሚያስተምረው በቅርብ የሚደረስበት መሻገሪያ ሲኖር እንደሆነ አስታወሳት። መሻገሪያው ሩቅ ከሆነ ሰው አጥር ይዘላል፤ የሚዘለውም ባለጌ ስለሆነ ሳይሆን ሥራ ስለሚረፍድበት ነው። በዚህ እስማማለሁ። አጥር ላይ ቀዳዳ ባየሁ ቁጥር፣ እዚያ ቦታ መሻገሪያ ያስፈልጋል ብለው ሰዎች በእግራቸው የፈረሙበት ማመልከቻ ሆኖ ይታየኛል።

15ኛውን መልስ አትሜ ግድግዳ ላይ ብለጥፈው ደስ ይለኛል። ጸሐፊው የመኪና አነዳድ አስተማሪ ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው አባት። ለተማሪዎቻቸው የሚሰጡትን ትምህርት ነው የጻፉልን። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይበላል። ሹፌሩ ሰው አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ ቢያንስ አንድ ሰከንድ ይፈጃል። ያ 17 ሜትር መኪናው ምንም ሳይቀንስ የሄደው ነው። ፍሬን ከያዘ በኋላም በደረቅ አስፋልት ሌላ 20 ሜትር ያስፈልገዋል። ጠቅላላው 37 ሜትር። ያው መኪና በ30 ቢሄድ፣ ለማሰቢያ 8 ሜትር፣ ለመቆሚያ 5 ሜትር፤ 13 ሜትር ላይ ቀጥ ይላል። እንግዲህ 20 ሜትር ፊት ለፊት እናቴ ብትገባ፣ በ30 የሚነዳው ቆሞ ያሳልፋታል። በ60 የሚነዳው ፍሬን ገና እንደያዘ፣ ፍጥነቱን ብዙም ሳይቀንስ ይደርስባታል።

እኚህ አባት መንዳት የሚያስተምሩት መጀመሪያ በእግር ነው። ተማሪውን ከመኪና አውርደው መንገድ ዳር ያቆሙታል። እስከ ማቋረጫው ያለውን 37 ሜትር በእርምጃ እንዲለካ ያዙታል። ከዚያ ዞሮ መኪናውን እንዲያይ። ብዙዎቹ ርቀቱን ሲያዩ ይደነግጣሉ። ዝናብ ሲሆንና ጎማው ሲያልቅ ደግሞ ይሄ ሁሉ ይረዝማል።

16ኛዋ በዚህ ላይ የዓለም ጤና ድርጅትን አኃዝ ጨመረች። በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከግማሽ በላዩ እግረኛ፣ ብስክሌተኛና ሞተረኛ ነው። የመኪናው ፍጥነት ከ50 ወደ 65 ኪሎ ሜትር ሲያድግ፣ የሚመታው እግረኛ የመሞት ዕድል 4.5 እጥፍ ይሆናል። በ15 ኪሎ ሜትር ልዩነት! መንገዱ ክፍት ሲሆን ሹፌር ሳያስበው የሚጨምራት ፍጥነት እኮ ናት።

17ኛው ከዋሽንግተን ዲሲ ነው፤ ብዙ ዓመት ታክሲ የነዳ ወገናችን። በ2020 እ.ኤ.አ. ከተማዋ የሰፈር ውስጥ ፍጥነቱን ከ25 ወደ 20 ማይል፣ በእኛ ከ40 ወደ 32 ኪሎ ሜትር ስታወርደው ከተናደዱት አንዱ እንደነበር አልደበቀም። ካሜራው ሁለት ጊዜ ከቀጣው በኋላ እግሩ ራሱ ለመደ። አሁን ልጁ በዚያው መንገድ በእግሯ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። 18ኛው እኛ አሜሪካ አይደለንም አለ፤ ሌላ ምንም አላለም።

19ኛዋ ለዚህ ለ18ኛው ለገሃርን ጠቅሳ መለሰችለት። ከዓመታት በፊት ለገሃር ያለው መስቀለኛ መንገድ በቀለምና በማገጃ ብቻ ተቀይሮ ነበር። ማዕዘኑ ጠበበ፣ የሚሻገሩት ርቀት አጠረ፣ መኪናው ሲታጠፍ መቀነስ ግድ ሆነበት። ትልቅ ቁፋሮም ትልቅ ገንዘብም አልጠየቀም። አሜሪካ መሆን ሳያስፈልግ፣ እዚሁ አዲስ አበባ ላይ የታየ ነገር ነው።

መሐንዲሱ (4ኛው) በ20ኛው መልስ ተመልሶ ይሄንኑ አብራራው። ሰፊ ማዕዘን ለሹፌር እንደ ግብዣ ነው፤ ሳይቀንስ ይታጠፋል። ጠባብ ማዕዘን ትራፊክ ፖሊስ ባይኖርም ያስቀንሰዋል። ዜብራውን ከአስፋልቱ ከፍ አድርጎ እንደ ጉብታ መሥራትም እንደዚያው ነው። ሰፊ መንገድ ከሆነ ደግሞ መሃሉ ላይ የተከለለ መቆሚያ ያስፈልጋል። ሽማግሌ ሰው በሰከንድ አንድ ሜትር እንኳ ላይራመድ ይችላል፤ ያኔ 30 ሜትር መንገድ ከግማሽ ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። መሃል ላይ ማረፊያ ካለ ግማሹን ተሻግሮ፣ ትንፋሽ ሰብስቦ፣ ሌላውን ግማሽ ያያል።

21ኛውን አልጠበቅኩትም ነበር። ማየት የተሳነው ወንድማችን ነው የጻፈው። በአዲሶቹ የእግረኛ መንገዶች ላይ የተነጠፈውን ቢጫ ሸካራ መስመር በበትሩ እየተከተለ ብቻውን መሄድ በመቻሉ የተሰማውን ነፃነት ገለጸ። አንዳንዴ መስመሩ ላይ ዕቃ ተቆልሎበት ያገኛል፣ ያንንም ለምዶታል። አዲሱ ፍርሃቱ ሌላ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። እሱ የሚሻገረው በጆሮው ነው። የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ርቀቱን ያውቃል። የኤሌክትሪኩ ግን ቀስ ብሎ ሲመጣ አይሰማም። አንዴ በትሩ ጎማ ሥር ገብታ ስትሰበር ነው መኪና አጠገቡ መኖሩን ያወቀው። የአውሮፓ ኅብረት አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝቅተኛ ፍጥነት ሲሄዱ ድምፅ እንዲያሰሙ ማስገደዱን ያውቃል። እዚህም እንዲጠየቅልን ይፈልጋል። ለዚህ መልስ ማንም አልተከራከረም። 22ኛው፣ የኤሌክትሪክ መኪና ያለው ሰው፣ የራሱ መኪና ድምፅ ይኑራት አይኑራት ዛሬ ማታ ወርዶ እንደሚያዳምጥ ቃል ገባ።

ከዚያ ብስክሌት መጣ። 23ኛው ባሕር ዳሬ ነው፤ ዘንባባው ሥር ሴቱም ወንዱም በሳይክል የሚሄድበትን ዘመን በናፍቆት አነሳ። ከተማው ሜዳ ነው፣ ለፔዳል የተመቸ ነው። ባጃጁ ከበዛ ወዲህ ግን እሱም ልጁን በሳይክል ትምህርት ቤት መላክ ትቷል። 24ኛዋ ከሐዋሳ ስለሆነች ሜዳነቱን ለባሕር ዳር ብቻ አልተወችለትም። ትንሽ ተፎካከሩ፣ በፍቅር ነው። 25ኛው አዲስ አበባ ከዚህ ውስጥ የለችበትም ባይ ነው፤ ቦሌ 2,300 ሜትር ላይ፣ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ፤ ማን ነው ይህን ዳገት የሚገፋው?

26ኛው ይገፋዋል! ከሳሪስ ሜክሲኮ በየቀኑ እየነዳ ሥራ የሚሄድ ወጣት ነው። ዳገቱ እግር ያሳምም እንደሆነ እንጂ እንደማይገድል፣ የሚያስፈራው መኪናው እንደሆነ ጻፈ። አዲሶቹን የሳይክል መስመሮች ያመሰግናል። ነገር ግን መስመሩ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲደርስ ድንገት ያልቃል፤ ሰው በጣም የሚያስፈልገው ቦታ ላይ ማለት ነው። ከመስመሩ ወጥቶ ሲኖትራክና አውቶቡስ መሃል ይገባል። ሌላው ቅሬታው በመስመሩ ላይ ሞተር፣ ጋሪና የቆመ መኪና መኖሩ ነው። 27ኛውና 28ኛው ሳይክል የት እንደሚገዛ፣ ካመራዳሪ የት እንደሚለጠፍ ጠየቁት፤ እሱም መለሰላቸው፤ ለስድስት መልስ ያህል ስለ ፍሬን ጎማና ስለ ጎሚስታ ቤት ተወራ። ለሚገዛ ሰው ይጠቅማል፣ ግቡና አንብቡት።

ከሆላንድ የጻፈችው እህት (35ኛ) ሰው ሆላንድን ሲያይ ድሮም እንዲህ የነበረች እንደሚመስለው ታዝባለች። በ1971 እ.ኤ.አ. ብቻ እዚያ ከ400 በላይ ሕፃናት በመኪና ሞተዋል። ወላጆች አደባባይ ወጥተው ልጆቻችንን መግደል አቁሙ እያሉ ነው የተለወጠው። እሷ ያለችበት መንገድ በዚያ ሰልፍ የመጣ ነው። 36ኛው ከእስራኤል ነው፤ በዮም ኪፑር ቀን መኪና ሲቆም ልጆች ብስክሌታቸውን ይዘው አውራ ጎዳናውን እንደሚሞሉት ጻፈ። ከጎንደር ወጥቶ መጀመሪያ ያንን ቀን ሲያይ በዓሉ የልጆች መስሎት ነበር። 37ኛዋ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረውን የእኛን «መንገድ ለሰው» የተባለውን ከመኪና ነፃ ቀን አስታወሰችው። ልጇ ሳይክል የለመደው መኪና በተዘጋበት አንድ እሑድ፣ አስፋልት መሃል ላይ ነው።

እዚህ ላይ የኮሪደር ልማቱ ተነሳና ነገሩ ከረረ። 38ኛው ለውጡን የማያመሰግን ዓይን የለውም ብሎ ጀመረ። 39ኛዋ ፒያሳ ያደገችበት ቤት ከፈረሰባቸው አንዷ ናት። መንገዱ ለመራመድ ያማረ ሆኖ እሷ ግን ከምትራመድበት ሰፈር ርቃ መሄዷን፣ አሁን ወደ ሥራዋ የምትሄደው ሁለት ታክሲ ይዛ እንደሆነ በምሬት ጻፈች። 38ኛው መልስ አልሰጣትም። እኔም የምላት አላገኘሁም። በእግሩ ይሄድ የነበረ ሰው ሩቅ ሲሰፍር እግረኝነቱን ነው የሚያጣው።

40ኛውን ስከፍት ማን ቢጽፈው ጥሩ ነው? ያ የሚኒባስ ሹፌር፣ 8ኛው። የአስተማሪውን ስሌት አንብቦ ለሦስት ቀን ሞክሮታል። ዜብራ ላይ ሰው ባየ ቁጥር ቆመ። ከኋላው ክላክሱ ይጮኻል፤ ያንን ቻለው። ያስደነገጠው ሌላ ነው። እሱ ቆሞ አንዲት ተማሪ መሻገር ስትጀምር፣ በግራው ያለው መኪና እንዳለ በረረ። ሚኒባሱ ስለጋረዳት ያኛው ሹፌር አላያትም፤ እሷም አላየችውም። ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ በጩኸት ነው ያቆማት። ሰው ለማዳን ቆሜ ሰው ላስገድል ነበር የሚል ስሜት ነው የጻፈው ውስጥ ያለው። እና ብቻዬን መቆሜ ምን ይሠራል ብሎ ጠየቀ። ይሄ ጥያቄ ከእኔ ጥያቄ ይበልጣል።

መሐንዲሱ ወዲያው በ41ኛው መለሰለት፤ በአክብሮት፣ ወንድሜ እያለ። ይህ በሙያው በደንብ የሚታወቅ አደጋ ነው። በአንድ አቅጣጫ ሁለትና ሦስት መስመር ባለበት መንገድ፣ የቆመው መኪና እግረኛውን ይሸፍናል። መፍትሔውም የሹፌሩ ደግነት ብቻ አይደለም። የመቆሚያው መስመር ከዜብራው ጥቂት ሜትሮች ወደ ኋላ ይሰመር፤ የቆመው መኪና ያኔ እይታ አይከልልም። ማቋረጫው ላይ መስመሩ ይጥበብ። ዜብራው ከፍ ይበል። እስከዚያው ግን የቆመ ሹፌር እጁን በመስኮት አውጥቶ ለጎን መኪና ምልክት ያሳይ፤ እግረኛም የቆመውን መኪና አፍንጫ ሲያልፍ አንገቱን አውጥቶ ይይ።

መሐንዲሱ መጨረሻ ላይ አንድ ሐሳብ ጣለ። የአያት መስመር ሰዎች በአንድ ጠዋት ተገናኝተን ማቋረጫውን በሜትር እንለካ፣ አንድ አዛውንት ለመሻገር ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅባቸው በስልክ እንያዝ፣ ስንት መኪና እንደቆመና እንዳልቆመ እንቁጠር፤ ከዚያ ቁጥሩን ይዘን ለሚመለከተው ክፍል ማመልከቻ እናስገባ የሚል ነው። 2ኛዋ በውስጥ መስመር ጽፋልኛለች፣ ትመጣለች። አስተማሪውም ሜትር ይዘው ይመጣሉ። ሹፌሩ በዚያ ሰዓት ተራው ስላልሆነ ለአንድ ሰዓት መቆም ይችላል።

ቀኑን የመረጠችው እናቴ ናት፤ በ12፣ በሚካኤል፣ ከቅዳሴ በፊት። በዚያ ቀን የሚሻገረው ሰው ብዙ ነው። የሁሉንም መልስ አንብቤላታለሁ። የሹፌሩን ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። አሁን ጓዳ ገብታ ለዚያ ቀን ድፎ ዳቦ የምትደፋበትን ኮባ እያጠበች ነው።